አልዶ ማኑዚዮ እና ዘመም ያለው ፊደል

የዓመት መጽሐፉ አዘጋጆች የአንድ ታዋቂ ሰው ሕይወት ጻፊልን ሲሉኝ ከእኔ የጠበቁት የሐኪም ታሪክ ሳይሆን አይቀርም። እኔ ግን አንድ የመጽሐፍ አታሚ መረጥኩ። ለምን እንደመረጥኩት ለማስረዳት ከመመረቂያ ጥናቴ ልጀምር፤ አብራችሁኝ የተመረቃችሁም የራሳችሁን ማስታወሳችሁ አይቀርም።

ጥናቴ በግርሻ ትኩሳት ላይ ነበር። የመጀመሪያው ረቂቅ ከአማካሪዬ ሲመለስልኝ ገጾቹ በቀይ እስክሪብቶ ተሞልተው ነበር። ምኑን አበላሽቼው ነው ብዬ ደንግጬ ሳየው ነገሩ ሌላ ነው። ቦሬሊያ ሪከረንቲስ የሚለው የባክቴሪያዋ ስም በላቲን ፊደል በተጻፈበት ቦታ ሁሉ ተከቦ፣ ጎኑ ላይ ኢታሊክ እንዳደርገው ታዟል። ያን ሌሊት ኮምፒውተር ክፍል ቁጭ ብዬ ስሟን አንድ በአንድ ሳዘምም አደርኩ። ባክቴሪያዋ እንግዲህ ክብሯን አገኘች። በዚያ ጥናት ውስጥ ክብራቸውን ያላገኙ ሰው እንደነበሩ የገባኝ ግን ከብዙ ዓመት በኋላ፣ የአልዶ ማኑዚዮን ታሪክ ሳነብ ነው። ወደ እሳቸው መጨረሻ ላይ እመለሳለሁ። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አልዶ የተወለደው በ1450 ገደማ፣ ከሮም በስተደቡብ ባለች ባሲያኖ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ላቲንን በሮም፣ ግሪክኛን በፌራራ ተማረ። ከዚያ አስተማሪ ሆነ። ካርፒ በምትባል ትንሽ ግዛት ውስጥ የገዢውን ቤተሰብ ልጆች፣ አልቤርቶ ፒዮንና ወንድሙን ያስተምር ነበር። አርባ ዓመት እስኪጠጋው ድረስ ኑሮው ይኸው ነው፤ ሰዋስው፣ ደብተርና የሰው ልጆች። ከመካከላችን ከአርባ በኋላ ሙያ ለመቀየር የሚያስብ ካለ ልብ ይበል።

በ1490 አካባቢ ቬኒስ ገባ። ቬኒስን የመረጠው ያለ ምክንያት አልነበረም። ቁስጥንጥንያ በ1453 በቱርኮች እጅ ከወደቀች ወዲህ ብዙ የግሪክ ሊቃውንት መጻሕፍታቸውን ይዘው ወደ ኢጣሊያ ተሰደዋል። ካርዲናል ቤሳሪዮንም በ1468 የግሪክኛ የብራና ስብስቡን ለቬኒስ ሰጥቷል። በዚያ ላይ ከተማዋ የኅትመት ንግድ ማዕከል ነበረች። አልዶ እውቀት እንጂ ገንዘብ አልነበረውም፤ ስለዚህ ሽርክና ገባ። አንድሬያ ቶሬሳኒ የኅትመት ልምዱን፣ ከመስፍኑ ቤተሰብ የሆነው ፒየርፍራንቸስኮ ባርባሪጎ ደግሞ ገንዘቡን ይዘው መጡ። በ1495 የላስካሪስ የግሪክኛ ሰዋስው ታተመ። ከዚያው ዓመት እስከ 1498 ባለው ጊዜ የአሪስጣጣሊስ ሥራዎች በ5 ትላልቅ ቅጾች በግሪክኛ ወጡ።

ለእኛ ለሐኪሞች ደግሞ ይህ ማተሚያ ቤት የሩቅ ዘመድ ነው ማለት ይቻላል። ቂጥኝ አውሮፓን ማስጨነቅ በጀመረባቸው ዓመታት የፌራራው ሐኪም ኒኮሎ ሌዮኒቼኖ ስለ በሽታው የጻፈውን መጽሐፍ በ1497 ያተመው አልዶ ነው። የዲዮስቆሪደስን የመድኃኒት ዕፅዋት መጽሐፍ በ1499 በግሪክኛ አወጣ። በኋላ በ1518 የለንደንን የሐኪሞች ኮሌጅ የመሠረተው ቶማስ ሊናከርም በፓዱዋ ሕክምና ተምሮ ሲመረቅ ከአልዶ ወዳጆች አንዱ ነበር፤ ከግሪክኛ የተረጎመውን አንድ ሥራ ያተመለትም እሱ ነው። አልዶ ራሱ በ1498 ወረርሽኝ ይዞት ከሞት አፋፍ ደርሶ ነበር። ከዳንኩ ቄስ እሆናለሁ ብሎ ተሳለ። ዳነ። ከዚያ ከስለቱ እንዲፈታ አመለከተና ተፈቀደለት። በተኙበት ተስለው ሲወጡ የሚረሱ ሕመምተኞች ለእኛም አዲስ አይደሉም።

አሁን ወደ ፊደሉ እንምጣ። በዚያን ጊዜ ፊደል የሚሠራው በእጅ ነው። ቀራጩ በአንድ የጠንካራ ብረት ዘንግ ጫፍ ላይ ፊደሉን ገልብጦ፣ በመስተዋት እንደሚታይ አድርጎ ይቀርጸዋል። ያ ብረት መዳብ ላይ ሲመታ ጎድጓዳ ምልክት ይተዋል፤ በዚያ ላይ የቀለጠ እርሳስ እየፈሰሰ የሚታተምበት ፊደል ይወጣል። ቁመቱ ጥቂት ሚሊሜትር ነው። እጅ ትንሽ ከሳተ ሥራው ሁሉ ከአዲስ ይጀመራል። የአልዶን ፊደላት የሚቀርጽለት ፍራንቸስኮ ግሪፎ የተባለ የቦሎኛ ሰው፣ የወርቅ ሠሪ ልጅ ነበር። በ1496 ለፒየትሮ ቤምቦ ትንሽ መጽሐፍ የቀረጸው ቀጥ ያለ የላቲን ፊደል፣ በየጫፉ ትንንሽ እግር ያለው፣ እስከ ዛሬ የመጽሐፍ አዘጋጆች የሚመኙት ነው።

ከዚያ ኢታሊክ መጣ። የዘመኑ ሊቃውንት ለራሳቸው ሲጽፉ ፈጠን፣ ዘመም፣ ያዝ ያዝ የሚያደርግ የእጅ ጽሑፍ ነበራቸው። አልዶ ይህን የእጅ ጽሑፍ በእርሳስ ፊደል ማየት ፈለገ፤ ግሪፎ ቀረጸው። በ1500 በቅድስት ካተሪና ዘሲየና ደብዳቤዎች መጽሐፍ ሥዕል ላይ ጥቂት ቃላት ብቻ ታዩ። በሚያዝያ 1501 የሮማዊው ባለቅኔ የቨርጂል ሥራ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው በዚሁ ፊደል ወጣ። ፊደላቱ ጠበብ ያሉና ተቀራርበው የሚቀመጡ ናቸው። ብዙዎቹ በእጅ ጽሑፍ እንደሚሆነው ሁለት ሁለት እየሆኑ ተያይዘው ተቀርጸዋል። ዘመም ያሉት ትንንሾቹ ፊደላት ብቻ ናቸው፤ በየስንኙ መጀመሪያ ያሉት ትላልቆቹ ፊደላት ቀጥ ብለው እንደቆሙ ቀርተዋል። ዛሬ እንደምናደርገው አንድ ቃል ለማጉላት የታሰበም አልነበረም፤ መጽሐፉ በሙሉ ኢታሊክ ነው።

ሌላው አዲስ ነገር የመጽሐፉ መጠን ነበር። የጥንት ደራስያን ሥራ እስከዚያ ድረስ በአብዛኛው የሚታተመው በትልቅ መጠን፣ ዳር ዳሩን ማብራሪያ ተከቦ፣ አትሮንስ ላይ ተዘርግቶ ለሚነበብ ሰው ነው። አልዶ ማብራሪያውን አስቀርቶ ሥራውን ብቻ በእጅ በሚያዝ ትንሽ መጽሐፍ አወጣው። እንዲህ ያለ ትንሽ መጽሐፍ ከዚያ በፊት በብዛት የሚታወቀው ለጸሎት ነበር። ከቨርጂል ቀጥሎ ሆራስ፣ ፔትራርካ፣ ዳንቴ እየተከታተሉ ወጡ። መንገደኛው፣ መልእክተኛው፣ ሹሙ በጉዞ ላይ የሚያነበው መጽሐፍ አገኘ። ኢንተርን ሳለን የጋዋናችንን ኪስ ቀድዶ ይወጣ የነበረውን ትንሽ መጽሐፍ አስታውሱ፤ የዘር ሐረጉ እዚህ ድረስ ይሄዳል።

የፊደሉ ዝና በፍጥነት ተሰማ። ኢራስመስ በ1507 ለአልዶ ጽፎ፣ ከግሪክኛ የተረጎማቸው ሁለት ተውኔቶች በዚያ ማተሚያ ቤት፣ ይልቁንም በዚያች ትንሽ ፊደል ቢታተሙለት ስሙ ዘላለማዊ እንደሚሆን ነገረው። ታተሙለት። በማግሥቱ ዓመት ራሱ ቬኒስ መጥቶ፣ የማተሚያው ጩኸት መሐል ተቀምጦ ከሦስት ሺህ በላይ ምሳሌያዊ አነጋገሮችን የያዘውን መጽሐፉን እየጻፈ በጎን ይታተምለት ነበር። የኩላሊት ጠጠር ለመጀመሪያ ጊዜ ያመመውም እዚያው ነው፤ እሱ ጥፋቱን በቶሬሳኒ ቤት ምግብ ላይ ጣለው። እኔ ብሆን መጀመሪያ ውኃ በደንብ ይጠጣ እንደነበር እጠይቀው ነበር።

ዝና ካለ ቅጂ አለ። የሊዮን አታሚዎች የአልዶን ትንንሽ መጻሕፍት በተመሳሳይ ዘመም ያለ ፊደል እያተሙ መሸጥ ጀመሩ። አልዶ በ1503 ማስጠንቀቂያ አወጣ፤ ገዢው የእሱንና የእነሱን እንዲለይ በሊዮኖቹ መጻሕፍት ውስጥ ያሉትን ስሕተቶች ዘርዝሮ አሳየ። የሊዮን ሰዎች ያንን ዝርዝር ይዘው ስሕተታቸውን አረሙበት ይባላል።

ከዚያ ቀደም ብሎ አልዶ ወደ ቬኒስ መንግሥት ሄዶ ነበር። በግዛቲቱ ውስጥ ኢታሊኩን ሌላ ሰው እንዳይጠቀምበት የአሥር ዓመት ልዩ መብት በ1502 በምክር ቤቱ ተሰጠው። ታሪኩ ለእኔ እዚህ ላይ ይከብዳል። መብቱ የተሰጠው ለአልዶ ነው። ፊደሉን በገዛ እጁ የቀረጸው ግሪፎ ግን ያንኑ ፊደል በቬኒስ ለሌላ አታሚ ቀርጾ እንጀራውን ሊበላበት አይችልም። የገዛ እጁ ሥራ በሕግ ተዘጋበት።

አልዶን ጭልጥ አድርጌ ክፉ ሰው ላደርገው አልፈልግም። በዚያው በ1501 ቨርጂል መጀመሪያ ላይ ሦስት አጫጭር የላቲን ስንኞች አሉ። ፊደሉን የቀረጸው የቦሎኛው ፍራንቸስኮ እንደሆነ በግልጽ ይናገራሉ፣ እጁንም ያመሰግናሉ። በዚያ ዘመን አታሚ ለቀራጭ እንዲህ ማድረጉ የተለመደ አልነበረም። ብቻ ምስጋናው አንድ ጊዜ ተጻፈ፣ መብቱ ደግሞ ለአሥር ዓመት ሆነ።

ሁለቱ ተለያዩ። ግሪፎ ፋኖ ወደምትባል ከተማ ሄዶ ከአይሁዳዊው አታሚ ከጌርሾም ሶንቺኖ ጋር ሠራ። ሶንቺኖ በ1503 ባሳተመው መጽሐፍ መግቢያ ላይ፣ አልዶ የሚኮራባቸውን ፊደላት ሁሉ የሠራው ግሪፎ መሆኑን፣ ክብሩን ግን ሌላ ሰው እንደለበሰው ጻፈ። ግሪፎ በመጨረሻ ወደ ትውልድ ከተማው ተመልሶ በ1516 በራሱ ስም ትንንሽ መጻሕፍት ማተም ጀመረ። ብዙም አልዘለቀ። በዚያው ዓመት የሴት ልጁን ባል በብረት ዘንግ መትቶ ገደለ ተብሎ ተከሰሰ፤ ከዚያ ወዲህ ስሙ ከመዝገብ ይጠፋል። የእጁ ሥራ ግን በመላው አውሮፓ መታተሙን ቀጠለ።

የአልዶም የመጨረሻ ዓመታት ቀላል አልነበሩም። በ1505 የሸሪኩን የቶሬሳኒን ልጅ ማሪያን አገባ። በ1506 የብራና መጻሕፍት ፍለጋ ሲዞር በማንቱዋ ጠባቂዎች ተጠርጥሮ ለቀናት ታሰረ። በ1509 ቬኒስ በጦርነት ስትሸነፍ ማተሚያ ቤቱ ተዘጋ፤ እስከ 1512 ድረስም አልተከፈተም። ሲከፈት ደግሞ እንግዳው በዛ። ሥራ ፈት ጎብኚ ስላስቸገረው፣ ጉዳይህን ባጭሩ ተናግረህ ሂድ፣ ካልሆነም ገብተህ ሥራ አግዘን የሚል መንፈስ ያለው ማስታወቂያ በሩ ላይ ለጠፈ። ተመላላሽ ክፍል የሠራ ሰው ይኼን ማስታወቂያ በደንብ ይረዳዋል።

በጥር 1515 ታሞ ሳለ ኑዛዜ ጻፈ። ከሚስቱና ከልጆቹ ጉዳይ ጋር ፊደሉንም አልረሳም። ለኢታሊኩ ትላልቅ ፊደላት እንዲሠሩ፣ ሥራውም ጁሊዮ ካምፓኞላ ለተባለ ሠዓሊ እንዲሰጥ አደራ አለ። ሊሞት የተቃረበ ሰው ገና ያላለቀችውን ሥራ እያሰበ ነበር። በየካቲት 6 ቀን 1515 አረፈ። በቀብሩ ሥነ ሥርዓት ላይ ያሳተማቸው መጻሕፍት በአስከሬኑ ዙሪያ ተደርድረው ነበር። ማተሚያ ቤቱን የወረሱት ቤተሰቦቹ በ1525 የጋሌንን ሥራ በግሪክኛ፣ በማግሥቱ ዓመትም የሂጶክራጥስን አወጡ።

ኢታሊክ ከአልዶ በኋላ ሥራውን ቀየረ። በዚያው በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ በተለይ በፈረንሳይ አታሚዎች እጅ፣ ለብቻው መጽሐፍ መሙላቱ እየቀነሰ ከቀጥተኛው ፊደል ጎን የሚቆም ጓደኛ ሆነ። የመጽሐፍ ርእስ፣ የባዕድ ቋንቋ ቃል፣ ጎላ ብሎ እንዲታይ የተፈለገ ነገር በእሱ ይጻፍ ጀመር። የእኛ የባክቴሪያና የጥገኛ ስሞች በኢታሊክ የሚጻፉትም ከዚህ ልማድ የተነሳ ነው። በ1929 የቤምቦ መጽሐፍ ፊደል እንደገና ተሠርቶ ቤምቦ ተባለ፤ በዚያው ዘመን ጆቫኒ ማርደርስታይግ የተባለ አታሚ ያሠራው ሌላ ፊደል ግሪፎ የሚል ስም ወጣለት። ቀራጩ በስሙ ለመጠራት አራት መቶ ዓመት ጠበቀ።

የእኛ ፊደልም በዚህ ታሪክ ውስጥ ቦታ አለው። አልዶ በሕይወት ሳለ፣ በ1513፣ ዮሐንስ ፖትከን የተባለ ጀርመናዊ ቄስ በሮም ከነበሩት የኢትዮጵያ መነኮሳት ተምሮ መዝሙረ ዳዊትን በግዕዝ አሳተመ። በግዕዝ ፊደል የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ ይህ ነው። ፖትከን ግን ቋንቋውን ከለዳዊ ነው ብሎ ጠራው። በአገራችን ጸሐፍት ዘንድ የከበረ ስም ለመለየት ፊደል ማዘመም አያስፈልግም ነበር፤ ቀይ ቀለም አለ። በብራናው ላይ የእመቤታችን፣ የቅዱሳን፣ ብዙ ጊዜም የመጽሐፉ ባለቤት ስም በቀይ ይጻፋል። ዛሬ ኮምፒውተሩ ላይ የአማርኛውን ፊደል ኢታሊክ ብንለው፣ ብዙውን ጊዜ ያው ቀጥተኛው ፊደል ወደ ጎን ይገፋል እንጂ እንደ ግሪፎ ቁጭ ብሎ ለብቻው የቀረጸው የለም። ፊደል የመቅረጽ ፍላጎት ያላችሁ ወጣት መምህራን ካላችሁ ሥራው እየጠበቃችሁ ነው።

አሁን ወደ ቀዩ እስክሪብቶ ልመለስ። ለጥናቴ የሰበሰብኩትን የደም ስላይድ ሁሉ ያነበቡት አንድ የላብራቶሪ ቴክኒሻን ናቸው፤ ጋሼ እንላቸው ነበር። ወባ ይሆናል ብዬ የላክሁትን የአንድ በሽተኛ ስላይድ አይተው፣ አስጠርተውኝ፣ ወንበራቸውን ለቀው ማይክሮስኮፑ ላይ አስቀመጡኝ። በቀይ የደም ሴሎች መካከል የተጠማዘዘች ቀጭን ክር ትታያለች። ያቺ ባክቴሪያ ናት የጥናቴን ሐሳብ የወለደችው። ከዚያም ለወራት፣ ከመደበኛ ሥራቸው በኋላ እየቆዩ፣ ስላይዶቹን ሁለት ሁለት ጊዜ አነበቡልኝ። እጃቸው ከጊምሳ ቀለሙ የተነሳ ሁልጊዜ ሐምራዊ ነበር።

የጥናቴን የምስጋና ገጽ አውጥቼ አየሁት። አማካሪዬ አሉ፣ ትምህርት ክፍሉ አለ፣ ወላጆቼ አሉ፣ ኮምፒውተሩን ያዋሰኝ ልጅ ሳይቀር አለ። ጋሼ የሉም። ክፋት አልነበረም። ጥናት የጻፈው ሰው ነው ብዬ ስለማምን ስላይዱን ያነበበው ሰው ትዝ አላለኝም፤ ይኼ ደግሞ ከክፋት የሚሻል አይመስለኝም። የባክቴሪያዋን ስም ለማዘመም አንድ ሌሊት ያጣ ሰው የእሳቸውን ስም ለመጻፍ አንድ ደቂቃ አላገኘም። አልዶ ቢያንስ ሦስት ስንኝ ጽፏል።

ጋሼ ጡረታ ወጥተዋል፣ ደኅና ናቸው። ባለፈው ወር ደውዬ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ሳቁብኝ፤ ቀጥለው ስለ ልጆቼ ጠየቁኝ። በዚህ የዓመት መጽሐፍ ላይ ስምዎን ልጻፈው ስላቸው ግን እምቢ አሉ። የጎደለው ከጥናቱ ከሆነ መግባት ያለበትም እዚያው ጥናቱ ውስጥ ነው አሉኝ። ልክ ናቸው። ስለዚህ ቤተ መጻሕፍታችንን አስፈቅጄ፣ የምስጋናው ገጽ ላይ አንዲት የእርማት ወረቀት አስለጥፌያለሁ። ሙሉ ስማቸውና የሠሩት ሥራ ተጽፎባታል።

ለዘንድሮው የመገናኛ በዓል ግቢ ስትመጡ ከምሳ በፊት ትንሽ ጊዜ አትርፉና ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ውጡ። የየራሳችሁን ጥናት አስወጡና የምስጋናውን ገጽ እዩት። የጎደለ ስም ካለ የእርማት ወረቀት እዚያው ይሰጧችኋል፤ ጠይቄላችኋለሁ።